ወሬው ከማን ወጣ? ያመጣችውስ እህት?

የንባብ ክፍል፦ ዘጸአት 23፥1፤ ኢሳይያስ 8፥12፤ ዮሐንስ 1፥45-49



ባለፈው ወር ዓርብ ከኅብረታችን በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ አንዲት እህት በስልኳ የመጣላትን የድምፅ መልእክት አሰማችን። ዓለምን በስውር የሚገዙ አይሁዶች አሉ፤ ጦርነቱንም በሽታውንም የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ የስብሰባቸው ቃለ ጉባኤ ሳይቀር ተይዟል ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእኔም ልብ ሄዶ ነበር። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲሰማ፣ የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ እነ እገሌ ናቸው ሲባል ሰው ያርፋል።

ሌላዋ እህት ግን ተነሥታ «ይሄ የአይሁድ ጠላቶች ወሬ ነው፤ የምታሰራጨውም ከእነሱ አንድ ናት» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ሁለት ዓርብ ከኅብረት ቀረች። እኔም ነገሩን በጸሎት ይዤው ሰነበትኩ። ወሬን ባወጣው ሰው መፍረድ ይገባል ወይ? የሚያምኑትንስ?

በመጀመሪያ ሥሩን እንይ። ይህ «የጽዮን ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ» የሚባለውን ጽሑፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 በሩሲያ በጋዜጣው ያወጣው ፓቬል ክሩሼቫን የሚባል ሰው ነው። ያው ሰው በኪሺኔቭ ከተማ በሌላ ጋዜጣው ሕዝቡን በአይሁድ ላይ ሲያነሣሣ ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎች 49 አይሁዶችን ገደሉ። ግድያው የተጀመረው በፋሲካ ቀን ነው። በፋሲካ ቀን፣ እህቶቼ!

በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ነገሩን አጋለጠ። ለካ ጽሑፉ ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 ናፖሊዮን ሦስተኛን ለመንቀፍ ካወጣው መጽሐፍ የተገለበጠ ነው። በዦሊ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አይሁድ ሴራ ምንም የለም። ውሸትነቱ ከታወቀ በኋላም ናዚዎች ጥላቻቸውን አስተማሩበት፤ እነሱም 6 ሚሊዮን አይሁዶችን ፈጁ።

ታዲያ ምን እንበል?

አንደኛ፣ ናትናኤልን እናስብ። ጌታችንን ሳያየው በናዝሬት ስም ናቀው፤ ተሳሳተም። ፊልጶስ ግን ራሱ መጥቶ እንዲያይ ጠራው። ስለዚህ «ያወጣው ክፉ ሰው ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሊራገም በተጠራው በበለዓም አፍ እንኳ እውነት ወጥቷል። ይህ ወሬ የወደቀው ተመርምሮ ውሸት ሆኖ ስለተገኘ ነው። ሥሩን ማወቅ ግን «ቆም ብለሽ መርምሪ» ይለናል።

ሁለተኛ፣ እህታችንን በክሩሼቫን ኃጢአት አንፍረድባት። ስሙን እንኳ ሰምታ አታውቅም። እሱ ጠልቶ አሳተመ፣ እሷ ፈርታ አስተላለፈች። ፈሪን በስድብ አናድናትም፤ አጠገቧ ቁጭ ብለን እንንገራት እንጂ።

ሦስተኛ ግን፣ መርዝ በንጹሕ እጅ ቢቀዳም መርዝ ነው። አሜሪካዊው ባለመኪና ፋብሪካ ሄንሪ ፎርድ ጽሑፉን አልፈጠረውም፤ ከ1920 ጀምሮ ግን በጋዜጣው አስፋፋው። በ1927 ይቅርታ ጠየቀ፤ ወሬው ግን ያን ጊዜ አገር አቋርጦ ነበር። ዛሬ ደግሞ አንዳንዶች «አይሁድ» የሚለውን አውጥተው «ጥቂት ስውር ሰዎች» ይላሉ። ስሙ ወጣ እንጂ ቦታው ክፍት ነው፤ ነገ ሌላው የጠላውን ሰው ስም ይሞላበታል።

ይሄ ነገር ለእኛ ካልገባን ለማን ይገባል? የምሠራበት ቤት ወርቅ ጠፋ ተብሎ ማንም ሳይጠይቀኝ ሻንጣዬ ተበረበረ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ «ሐበሾች እንዲህ ናቸው» ሲባል ከጎረቤት ሰምታ ነው። ወርቁ በማግስቱ ከራሷ ቦርሳ ተገኘ። ወሬውን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የወደቀው ግን በእኔ ላይ ነው። በአገራችንስ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የነበሩትን ቤተ እስራኤሎች ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ ስንል አልኖርንም? ያን ወሬ የነገሩን እኮ የሚወዱን ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ መልእክት ሲመጣልሽ ከማስተላለፍሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ማን ነው ያለው? ማን ነው የመረመረው? ይህ ቢታመን የሚጎዳው ማን ነው? ኢሳይያስም ሕዝቡ ሴራ የሚለውን ሁሉ ሴራ እንዳንል፣ የሚፈራውንም እንዳንፈራ ተነግሮታል።

ለዚያች እህት ደወልኩላት፤ ሥሩንም ነገርኳት። «አላወቅኩም ነበር» አለች። ለላከችላቸው አምስት ሰዎች «ያ ውሸት ነው» ብላ መልሳ ላከች፤ አንዷ ተቆጥታ ስልኳን ዘጋችባት። ባለፈው ዓርብ ግን መጥታ ከመሃላችን ተቀመጠች። የተናገረቻትም እህት ሻይ ቀድታ ሰጠቻት።

ጌታ ሆይ፣ ጆሮአችንን ከሐሰት፣ አፋችንን ከፍርድ ጠብቅ። በሐሰት ለሚከሰሱ ሁሉ ፍረድላቸው። አሜን።

እህታችሁ በክርስቶስ