የመስኮቱ ሽማግሌዎች

አንድ ባለጸጋ ነበር። ቤቱ ሰፊ፣ መስኮቱ ግን አንድ ብቻ። ከመስኮቱ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጀምበር ይጠብቃሉ፤ እነሱ ሲያዙ አንዳጁ ምድጃውን ይቆሰቁሳል፣ ሲያዙ ያዳፍናል። በየጓዳው ያሉት ፈጪዋ፣ ጠማቂዋና ጋጋሪዋ ፀሐይ አይተው አያውቁም። ግድግዳው ሲሞቅ ይነሣሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይተኛሉ።

አንድ ሌሊት ብርድ የጠናበት እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ እሳቱን ቆሰቆሰ። ፈጪዋ መጁን ጨበጠች፣ ጋጋሪዋ ሊጧን አቀረበች፤ ቤቱ በእኩለ ሌሊት ተተራመሰ። ሙቀቱ ሽማግሌዎቹም ዘንድ ደረሰ። አንዱ «ነጋ መሰለኝ» ብሎ ብድግ ሲል አጠገቡ ያለው ጋቢውን ያዝ አደረገው።

«ተቀመጥ ወዳጄ። መች አዘዝን?»

ግራና ቀኝ ተጠያየቁ። ማንም አላዘዘም። ተመልሰው ተቀመጡ።

ቤቱ አይጥ ናት። ሽማግሌዎቹ በአንጎሏ ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ የሰፈሩ 20,000 ያህል የሰውነቷን የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚመሩ ሴሎች ናቸው፤ መስኮታቸውም ዓይኗ ነው። አንዳጁ ከፊታቸው ያለ ሌላ የአንጎል ክፍል ነው። ማገዶው በትከሻዎቿ መካከል የተከማቸው ቡናማ ስብ፣ ሙቀት ሲበዛ መተንፈሻው ደግሞ ጭራዋ። (አይጥ የሌሊት ፍጡር ስለሆነች የእሷ ምድጃ የሚቆሰቆሰው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል።)

በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሰውነቷ ሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። እኛ ብንሆን ልብም አንለው። ለጓዳዎቹ፣ ማለትም የራሳቸው ሰዓት ላላቸው እንደ ሳንባ ያሉ የአካል ክፍሎቿ ግን ይበቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከአይጥ የተወሰደ የሳንባ ቁራጭን በሳህን ላይ አቆይቶ ሙቀቱን እንዲህ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ቢያደርግበት፣ የሳንባው ሰዓት ሙቀቱን ተከትሎ ዞረ። የሽማግሌዎቹ ሴሎች ግን ለዚያው ሙቀት ንቅንቅ አላሉም።

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ የተደረገው ነው። ተመራማሪዎቹ ሴሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ በመርዝ ዘጉት፤ ከአንድ የዓሣ ዓይነት የሚታወቅ፣ ነርቭን ዝም የሚያሰኝ መርዝ ነው። ሴሎቹ አልሞቱም፣ ሰዓታቸውም አልቆመም። ጋቢ የሚይዝ ጎረቤት ብቻ ጠፋ። ያን ጊዜ ሙቀቱ ሲመጣ ሽማግሌዎቹም እንደ ጋጋሪዋ ተነሡ።