ስለ እሱ ስታወሩ እሱም ይሰማል

ልጆቼ፣ ስለ ኦቲዝም ስትጽፉና ስትናገሩ ቃል መርጣችሁ ለመናገር መጨነቃችሁ ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ይህ ጭንቀት አልነበረም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ «ዘገምተኛ» ወይም «የተረገመ» ይባልና ጓዳ ይዘጋበታል፤ እናቱም ምን ሠርታ ይሆን እየተባለች ትታማለች። ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ኦቲዝም የሚለውን ስም የሰማ ሰው ጥቂት ነበር። የራሳቸውን ልጅ ነገር አደባባይ አውጥተው መናገራቸው ስንቱን ልጅ ከተደበቀበት አወጣው!

አሁን ደግሞ እርስ በርስ መተራረሙ በርትቷል። አንዷ «ኦቲስቲክ» ብላ ስትጽፍ ሌላው «ኦቲዝም ያለበት ሰው በይ፤ ሰውነቱ ይቅደም» ብሎ ይቆጣታል። ከቅን ልብ የመጣ ቁጣ ነው። ሆኖም ራሳቸው ኦቲስቲክ የሆኑት አሜሪካዊ ጸሐፊ ጂም ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1999 «ኦቲዝም ያለበት ሰው» የሚለውን አነጋገር ለምን እንደማይወዱት ጽፈዋል፤ ኦቲዝሜ ከእኔ ተነጥሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም ነው ክርክራቸው። በዚህ የማይስማሙ ኦቲስቲኮችም አሉ። በእኛም አገር «ዓይነ ስውር አትበል፣ ማየት የተሳነው በል» የሚል ወጣት ሞልቷል፤ ባለጉዳዮቹ ግን የተሰባሰቡበትን ማኅበር የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ብለውታል። እናም ሌላውን ከማረማችሁ በፊት ባለቤቱን «ምን ብዬ ልጥራህ?» በሉት፤ መጠየቅ ነውር የለበትም። ስድብ የሆነውን ግን ማንንም ሳትጠይቁ ተዉት። ጓደኛችሁ ሲፈዝ «ኦቲዝም አለብህ እንዴ?» ብሎ መቀለድም ስድብ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ በልጁ ፊት የሚወራው ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሲጮህ አንድ ልጅ ሁለት ጆሮውን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እናቱን «ምን ሆኖ ነው? አያወራም? ሲወለድ ጀምሮ ነው?» ይላታል። «እግዜር ይማረው» ብለው ከንፈር የሚመጥጡም አሉ። ልጁ መሀላቸው ተቀምጧል፤ አለመናገሩን ሁሉም እንዳለመስማት ቆጥረውታል። እናንተ እንዲህ ያለ ልጅ ስታገኙ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጋችሁ ለራሱ ሰላምታ ስጡት። ዓይናችሁን ባያይ አይክፋችሁ፤ ሳያያችሁም ሊያዳምጣችሁ ይችላል። ሥዕል ጠቁሞ ወይም ታብሌት ላይ ጽፎ የሚመልስ አለና አታጣድፉት። እናቱ የለመደችውን የድሮ ቃል ብትናገር ደግሞ ሰው ፊት አታርሟት፤ ታክሲው እስኪደርስ ቦርሳዋን ተቀበሏት።