ስለ አሮጌ ዕቃና ስለ ቤት ጌጥ

ሰው ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ዕቃ፥ አስቀድሞ በሌላ ሰው ቤት ለሌላ ሐሳብ ያገለገለ እንደ ሆነ፥ የቀድሞው ሐሳብ አብሮት ይገባልን? ወይስ በአዲሱ ጌታ እጅ እንደ አዲስ ይቈጠራልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አንድ የንስሐ ልጃችን ይዞት በመጣ ጊዜ ግን ቀላል አለመሆኑን ተረዳን።

አራዳ ከጥንት ጀምሮ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በሆነው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቁ ገበያ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ፤ ሰፈሩም አደባባይ ማለት በሆነው በጣልያንኛ ቃል ፒያሳ እየተባለ ቀረ። ገበያው ቢሄድም የዕቃው መዘዋወር አልቆመም። ቆራሌው በየመንደሩ እየተጣራ አሮጌውን ይገዛል፤ ልዋጩ አዲሱን ሰጥቶ ያረጀውን ይወስዳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉት የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሩቅ ስፍራ ተዛወረ። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ ለዘመናት ተከድኖ የኖረ ዕቃ ሁሉ ወደ ብርሃን ይወጣል።

ይህ የንስሐ ልጃችን እንግዳ የሆነ አሮጌ ዕቃ እየፈለገ መግዛት የሚወድ ሰው ነው። አንድ ቀን በፒያሳ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ከፕላስቲክ የተሠራ፥ ሲያበሩት ከዐይኖቹ ጕድጓድ ቀይ ብርሃን የሚወጣ የሰው ራስ ቅል አገኘ። ዋጋው ርካሽ፥ አሠራሩም ብልሃት ያለበት ስለ ሆነ ደስ ብሎት በእንግዳ መቀበያው ክፍል ከመደርደሪያው ላይ አኖረው። በዚያ ቤት ግን ባላቸውን ከቀበሩ ገና ዐርባ ቀን ያልሞላቸው አክስቱ ተቀምጠው ነበር። ማታ መብራቱ በበራ ጊዜ አይተው ደነገጡ፤ እራትም ሳይቀምሱ አደሩ፤ በማግሥቱም አንዳች ሳይናገሩ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ሄዱ።

ልጁም መጥቶ «አባታችን፥ በዕቃው ኃጢአት አለበትን?» አለን። እኛም ቸኩለን «አውጥተህ አቃጥለው» አልነው። እርሱ ግን በትሕትና፥ «ፕላስቲኩ ምን አጠፋ? በስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ ግርጌ የምንሳለመውስ የሰው ራስ ቅል አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀን። መልሱ በአፋችን አልነበረምና ጥቂት ቀን እንዲታገሠን ለመንነው። ማዘዝ ከማስተማር ይልቅ እንደሚቀል ያን ቀን ተማርን።

ወደ ነገሩ መነሻ እንመለስ። በዕቃው ሥር የተጻፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ ጌጡ ሃሎዊን ከሚባለው በዓል የተረፈ ነው። ይህ በዓል በምዕራባውያን ዘንድ በኦክቶበር 31፥ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 21 ቀን ገደማ ይውላል። የስሙ ትርጓሜ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ዘመን በረዘመ ጊዜ ግን ዋዜማው ከበዓሉ በለጠና የቅዱሳን መታሰቢያ ለብዙ ሰው ተረሳ፤ የቀረው የመናፍስት መልክና የራስ ቅል ጌጥ ሆነ። አየርላንዳውያን በሥራ ሥር ይቀርጹት የነበረውን አስፈሪ ፊት፥ አሜሪካ ከገቡ በኋላ በዱባ ይቀርጹት ጀመር። ልጆችም የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ ይቀበላሉ። በዓሉ ሲያልፍ ብዙው ጌጥ ለምጽዋት ይሰጣል፤ ከእነዚህ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ቤቶች አንዱ የሆነው ጉድዊል በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቦስተን ከተማ የተጀመረው በአንድ ሰባኪ እጅ፥ ድሆችን ለመርዳት ነበር።

እንግዲህ የሌላውን ሕዝብ ልማድ ለመንቀፍ አንቸኩል። የእኛም ልጆች በቡሄ ዋዜማ በየደጁ እየዞሩ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ከዓመት ዓመትም ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል መሆኑን የሚያውቀው ልጅ ቍጥሩ እንዳያንስ ልንሠጋ ይገባናል። ትርጓሜው የወጣለት በዓል ዕቃው ብቻ ይቀራል፤ ዕቃው ብቻ ሲቀር ደግሞ ሰው በምን ሊተረጕመው እንደሚገባ አያውቅም።

በቆሮንቶስ ከተማ ለጣዖት ከተሠዋው የተረፈው ሥጋ በገበያ ይሸጥ ነበር፤ ክርስቲያኖችም እንብላ ወይስ አንብላ ብለው ተጨነቁ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የመለሰላቸው መልስ ለዛሬውም ጥያቄ ይበቃል። ጣዖት ከንቱ ስለ ሆነ ሥጋው ርኩስ እንዳይደለ አስተማረ፤ ደካማ ኅሊና ያለው ወንድም የሚሰናከልበት እንደ ሆነ ግን፥ የሚበላው ሰው በነጻነቱ ምክንያት በወንድሙ ላይ እንደሚበድል አስረዳ። ስለዚህ የሐዋርያው ሚዛን የተሰቀለው በሥጋው ላይ ሳይሆን በወንድም ልብ ላይ ነው። ዕቃ አይበድልም፤ ሰው ግን በዕቃ ይበድላል።

የመስቀሉ ግርጌ ራስ ቅልስ? ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን የጌታ ደም የፈሰሰው በአዳም ራስ ቅል ላይ ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ የሞተው አዳም በክርስቶስ ደም እንደ ዳነ ይናገራል። በላስታም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የገባ ምእመን ከቤተ መቅደሱ በስተ ኋላ የብዙ ሰዎችን ዐፅም ያያል፤ አይቶም ነፍስ ይማር ብሎ የራሱን ሞት እያሰበ ይወጣል። ያ ዐፅም የሚታሰብለት ነፍስ አለው፤ የፕላስቲኩ ራስ ቅል ግን የማንም አይደለም፤ ነፍስ ይማር የሚባልለት ሰው የለውም።

ምናልባት አንድ ሰው ይህን ሊቃወም ይችላል። «ክርስቶስ ሞትን ድል ካደረገ ክርስቲያን በሞት ቢስቅ ምን ነውር አለው?» ይላል። ብርቱ ቃል ነው፤ ሞትን አለመፍራት የሰማዕታት ገንዘብ ነውና። ነገር ግን ጌታችን አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። ሞትን በሥልጣኑ የሚሽር ጌታ የማርያምንና የማርታን እንባ ካልናቀ፥ እኛ በልቅሶ ቤት በሞት የምንስቅ ማን ነን? ሞትን የሚንቅ ሰው በራሱ ሞት ይናቅ፤ በባልንጀራው ሐዘን ላይ ግን አይሣቅ።

ይህን ለልጁ በነገርነው ጊዜ ወዲያው ተረዳ። አስቀድሞ ወደ አክስቱ ሄዶ ከእግራቸው ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ ከዚያም ዕቃውን ሊመልስ ሲሄድ እኛም አብረነው ሄድን። በመሸጫው ቤት ግን ሌላ ነገር አየን። ራስ ቅሉ ተቀምጦበት በነበረው መደርደሪያ፥ ከአሮጌ ሰዓትና ከጀበና መካከል፥ ምእመናን ለብዙ ዘመን ከመሳለማቸው የተነሣ ጫፉ የለዘበ የእጅ መስቀል ተጋድሞ ነበር። አጠገቡም ከዳዊት የተገነጠለ አንድ የብራና ቅጠል በመስተዋት ገብቶ ለግድግዳ ጌጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለ ሱቁን ከየት እንዳመጣው ብንጠይቀው፥ «ከቆራሌ ገዛሁት፤ እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» አለን። ልንፈርድበት አልቻልንም፤ እኛ ራሳችን በዚያ ደጅ ስንት ጊዜ አልፈን ነበርና።

እንግዲህ የፕላስቲክ ራስ ቅል ባየን ጊዜ ደነገጥን፤ መስቀል ለጌጥ ሲሸጥ ግን ሳንደነግጥ ኖረናል። ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም በ1989 ዓ.ም. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከአንድ የቤልጅግ ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. የተመለሰው፥ ከየት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። በየመደርደሪያው ያሉት ትንንሾቹ መስቀሎች ግን ጠያቂ የላቸውም።

ልጁ ራስ ቅሉን መልሶ፥ በዋጋው ላይ ጨምሮ መስቀሉንና ብራናውን ወሰደ፤ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም አስረክቦ፥ ባለቤቱ ቢገኝ እንዲመለስለት በሰበካ ጉባኤው መዝገብ አስጻፈ። የአክስቱ ባል የዐርባ ቀን መታሰቢያም በዚያው ቤት ተደረገ።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ አሮጌ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ለድሃ ሰው በረከት ነው። ነገር ግን ከመግዛታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ይህ ዕቃ ከማን ቤት ወጣ? ወደ ማን ቤትስ ይገባል? በመጀመሪያው ጥያቄ የተቀደሰውን ከመዳፈር፥ በሁለተኛውም ያዘነውን ከማሳዘን እንድናለን። ለዚህም ማስተዋልን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።