ዲስኩ ሲሞላ ማንን እናጥፋ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ያለበት ቤት አይጠፋም። እሱን የቴሌቪዥን መቅጃ ማድረግ ይቻላል። የዲሹን ገመድ የሚቀበል ካርድ፣ ሰፋ ያለ ሃርድ ዲስክ፣ ሊኑክስ፣ ከዚያ እንደ ሚዝቲቪ ያለ ነፃ ፕሮግራም፤ በቃ። ሰዓቱን ከሞላችሁለት፣ መብራት ካልሄደ፣ እናንተ ሳትኖሩም ይቀዳል።

በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚመጣ ስርጭት በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወስዳል። 500 ጊጋባይት ዲስክ 270 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ከዚያስ? ከዚያማ ይሞላል። ማሽኑ ዝም ከተባለ ብዙውን ጊዜ የቆየውን ያጠፋል። ግን የቆየ ሁሉ መጥፋት አለበት እንዴ?

አሜሪካዊቷ ማሪዮን ስቶክስ ምንም ማጥፋት አልፈለገችም። እ.ኤ.አ. በ2012 እስክትሞት ከ30 ዓመት በላይ ዜና ስትቀዳ 70,000 ገደማ ካሴት አጠራቅማለች። እኛ ያለችን አንዲት ዲስክ ናት፤ መምረጥ ግድ ነው።

ፊልሙና ኳሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ቦታ ስለሚገኝ ይጥፋ። ከባዱ ሌላ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ተዘረፉ። እንዲህ ካለ ጊዜ በኋላ ካሜራ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ሰው ያሳያል፦ “እንጠግናለን” የሚል ባለሥልጣንና ባዶ ቤቷ ውስጥ የምታለቅስ እናት።

የባለሥልጣኑ ነገር አያከራክርም። የተናገረው በወንበሩ ስም ነው፤ ቃሉ የሕዝብ ነው፣ ይቀመጥ። እናትየዋስ? ለካሜራው ስትናገር ሰው ይስማኝ ብላ ይሆናል እንጂ፣ ከዓመታት በኋላ ቡና እየጠጣን እንድናያት አይደለም። ታዲያ እናጥፋት? ሁላችንም ካጠፋናት ደግሞ ነገ “አልተዘረፈም” የሚል ሲመጣ ምን እናሳየዋለን?

ለኔ መልሱ ማስቀመጥና ማሰራጨት አንድ አለመሆናቸው ላይ ነው። መቅጃው ቤት ውስጥ ነው፤ ቴሌግራም ግን አደባባይ ነው። ለቅሶዋን ለምስክርነት ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ለላይክ ቆርጦ መልቀቅ ግን ሐዘኗን መነገድ ነው። ያስቀመጠ ሰው አደራ ተቀብሏል። አደራ ደግሞ ባለቤት አለው፦ እናትየዋ አንድ ቀን “አጥፉልኝ” ካለች፣ ዲስኩ ባዶ ቦታ ቢኖረውም ይጠፋል።