ሰምተው ወደዱት፤ ግን አላደረጉትም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ነቢዩ ሕዝቅኤል እንደ እኛ በሰው አገር የኖረ ሰው ነው። ከኢየሩሳሌም ተማርኮ በባቢሎን ምድር፣ ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከነበሩት ምርኮኞች ጋር ተቀመጠ። ያስተማረውም እዚያው፣ ለአገሩ ልጆች ነው።

በምዕራፍ 33 መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ለነቢዩ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገልጥለታል። ሕዝቡ በየግድግዳው ሥርና በየደጃፉ ስለ እርሱ ያወራሉ። ኑ እንሂድ፣ ከእግዚአብሔር የመጣውን ቃል እንስማ ይባባላሉ። መጥተውም በፊቱ ይቀመጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ በአፋቸው ብዙ ፍቅር ያሳያሉ። እርሱ ለእነርሱ ድምፁ ያማረ፣ በገና አደራደሩን የሚያውቅ ዘማሪ ሆኖላቸዋል። ልባቸው ግን የሚሄደው ወደ ትርፋቸው ነው፤ የሰሙትንም አያደርጉትም። የተወደደው ድምፁ ነው፤ ቃሉ ሜዳ ላይ ቀረ።

ይህ ነገር ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ ላይ መልክ ይዞ ይታያል። ፌስቡክ የ«ላይክ» ቁልፍን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ በ2021 መጨረሻ ልቡን፣ አውራ ጣቱንና እሳቱን በየመልእክቱ ሥር አመጣልን። ቀድሞ ሰው የወደደውን ነገር ቢያንስ በቃል መናገር ነበረበት፤ አሁን በጣት ነካ ማድረግ ይበቃዋል። የሃያ ደቂቃ ስብከት በተለቀቀ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አርባ ልብ ይሰበሰብለታል። በሁለት ደቂቃ ማን ሰምቶ ጨረሰው?

ቁልፉን መንካት ኃጢአት ነው አላልኩም። ማዳሟ እንዳትሰማት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ድምፁን ቀንሳ ትምህርት የምትሰማ እኅት አለችን። ጮክ ብላ «አሜን» ማለት አትችልም። እርሷ የምትልካት ያች ልብ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ እልልታ ናት፤ ማንም አይንቀፍባት።

በቅኔ ቤትም ምስጋና አለ። ተማሪው ቅኔውን ሲዘርፍ ካማረለት «ይበል! ይበል!» ይባልለታል። ነገር ግን ይበል የሚለው ሰው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ያገኘ መሆን አለበት። ሳይገባው ከሌሎቹ ጋር ይበል ያለውን ተማሪ የኔታ ዞር ብለው «እስኪ ምሥጢሩን ንገረን» ቢሉት መግቢያው ይጠፋዋል። እኔም ከእናንተ የምለምነው ይህችኑ ነው፤ ልቧን ስትነኩ «ዛሬ ምን ተባለ?» የሚል ጠያቂ ቢመጣ መልስ ይኑራችሁ።

ፈተናው ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጨበጭብለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ387 የከተማው ሰው በግብር ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ገለበጠ፤ ከዚያም ምን ቅጣት ይመጣብን ይሆን ብሎ ተጨነቀ። በዚያ የጭንቀት ጾም ዮሐንስ እያጽናና አስተማራቸው፤ ደጋግሞም መሐላ ተዉ አላቸው። ሲያጨበጭቡለት ቤተ ክርስቲያን ቲያትር ቤት እንዳልሆነች፣ እርሱም የሚፈልገው ምስጋና የሰሙትን ሲያደርጉ ማየት እንደሆነ ይነግራቸው ነበር።

በኋላም በቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የሐዋርያት ሥራን ሲተረጉም ልቡን ገለጠላቸው። ሲጨበጨብለት እንደ ሰው ደስ ይለዋል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ያጨበጨቡት ሰዎች ሳይጠቀሙ መቅረታቸውን አስቦ ያዝናል። ስለዚህ ከእንግዲህ በስብከት መካከል ጭብጨባ ይቅር፣ ይህን ሥርዓት እናጽና አለ። ሕዝቡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለዚህም አጨበጨበለት!

ለሰባኪውም ወጥመድ ነው። ተአምር ሲተረክና ሌላው ሲነቀፍ ልቡ ይጎርፋል፤ ብድር ስለ መመለስ፣ የተጣሉትን ስለ መታረቅ ሲነገር ቁጥሩ ይሳሳል። ቁጥር እያየ የሚሰብክ ሰው ውሎ አድሮ ብድር መልሱ ማለቱን ይተዋል።

አሁን ወደ ደጃፉ ወሬ ልምጣ። የጸሎትና የችግር ጥያቄ ይጻፍበት ብለን የከፈትነውን ግሩፕ ታውቁታላችሁ። የአንድ ቀኑን ብታነቡ፦ የዛሬ ምንዛሪ ስንት ገባ፣ የሚሸጥ የሐበሻ ቀሚስ፣ የአገር ቤት ክርክር፣ እገሊት ከእነ እገሌ ጋር ታየች። ሰላምታውን አልነቅፍም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የላከው መልእክት የመጨረሻው ምዕራፍ አብዛኛው የሰው ስምና ሰላምታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ የሚያናግራት ለሌላት ሴት «እንደምን አደርሽ» መባል እንጀራ ነው። የምለው የአቴናን ሰዎች ዓይነቱን ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እንደተጻፈው አዲስ ነገር ከማውራትና ከመስማት በቀር ለሌላ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታችንም በማቴዎስ 12፥36 ስለ እያንዳንዱ ከንቱ ቃል መልስ እንደምንሰጥ አስጠንቅቆናል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እኅታችን ሌሊት እዚያ ላይ ጻፈች። ሆዷን በቀኝ በኩል ሲቆርጣት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ አሠሪዋ ኪኒን ሰጥታ ተኚ ብላታለች፤ ምን ላድርግ ነው የምትለው። ከመልእክቷ ሥር ዐሥራ አራት የጸሎት እጆች ተደረደሩ። ከዚያ ስለ አንድ ዘማሪ ሠርግ ወሬ ተነሣና ከስልሳ በላይ መልእክት በላይዋ ላይ ተጫነ። እስከ ቀትር ድረስ አንድም ሰው አልደወለላትም። በምሳ ሰዓት ስልኳን የከፈተች ሌላ እኅት ወደ ላይ እየሳበች ስታነብ አገኘቻት፤ ለሰበካ ጉባኤ ደወለች፤ ሰው ሄዶ አሠሪዋን አነጋገረ። ትርፍ አንጀት ነበር። በዚያው ምሽት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለች።

ዐሥራ አራቱ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ካላቸው የሚያካፍሉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ናቸው። እጆቹን ሲነኩ የድርሻቸውን የፈጸሙ መሰላቸው። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የታረዘውንና የተራበውን ወንድም በደኅና ሂድ፣ ይሙቅህ፣ ጥገብ ብሎ ባዶውን ስለሚሸኝ ሰው የተናገረው ይህን ነው። ያ ሰው ቢያንስ አፉን ከፍቶ መናገር ነበረበት፤ ለእኛ ጣት ብቻ በቃን።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ግሩፕ የጸሎትና የችግር መልእክት ብቻ ይጻፍበት። ለገበያውና ለጨዋታው ዲያቆናቱ ሌላ ይከፍቱለታል። የችግር መልእክት ያየ ሰው ምልክት ከመንካቱ በፊት ይደውል። አሠሪ አጠገቧ ሆና መደወል የማትችል «አይቻለሁ፣ የምትችሉ ደውሉላት» ብላ ትጻፍ። እጆቹንም የነካ ሰው ተነሥቶ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገምላት።

እኅታችን ከሆስፒታል ወጥታ እኅቶች በተከራዩት ቤት ተኝታለች። ለጊዜው ዕቃ ማንሣት አትችልም። በዕረፍት ቀኗ አብራት የምትውል፣ ሾርባም የምታደርስላት ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ትንገር። በጸሎት የምታስቧትም የክርስትና ስሟን ከእርሱ ተቀበሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።