ወደ ራስ የማይወጣ ደም

ልብ ከቆመ በኋላ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመዳን ተስፋው የተሟጠጠ ሰው፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ የመተንፈሻው ማሽን ሲነቀልለት፣ ትንፋሹ እየሳሳ የደም ግፊቱም እየወረደ ይሄድና የልቡ ምት ይቋረጣል። በዚያ ሰዓት ማንም አይነካውም። የንቅለ ተከላው ቡድን ራቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ሞቱን የሚያውጀውም ሐኪም ከዚያ ቡድን ውጭ የሆነ ሰው ነው። በብዙ አገሮች የሚጠበቀው አምስት ደቂቃ ሲሆን በጣልያን ግን ሃያ ደቂቃ ነው። ሮም ውስጥ ገና ሞቱ ያልታወጀ ሰው፣ ማድሪድ ቢሆን ኖሮ ከሩብ ሰዓት በፊት ሞቷል ተብሎ ነበር። ይህን ሳስብ ደጋግሜ እቆማለሁ።

ቢሆንም መጠበቁ ከንቱ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በካናዳ፣ በቼክ ሪፐብሊክና በኔዘርላንድስ ሕክምናው የተቋረጠላቸውን 631 ታማሚዎች እስከ መጨረሻው ተከታትሏል። ከቆመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መልሶ የመታ ልብ ተገኝቷል፤ ከሁሉም ቆይቶ የተመለሰው ከ4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ በኋላ ነበር። ከዚያ ያለፈ አልታየም። ልባቸው መልሶ ከመታላቸውም ሰዎች ነፍስ የዘራ የለም፤ ሁሉም ሞተዋል።

እኛ ቤትም ይጠበቃል። ሲያጣጥር የቆየ ሰው ጸጥ ሲል አንድ ትልቅ ሰው ጠጋ ብሎ እጁን ከአፍንጫው ሥር ያደርጋል፣ አንገቱን ይዳስሳል። እሱ ሳይናገር ለቅሶ አይጀመርም። ጎንደርም ሆነ የጋሞዋ ጨንቻ ይህን ያላየ የለም። ሰዓት አይቆጠርም እንጂ ፍራቻው አንድ ነው፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ እንዳይለቀስ።

እኔን ዕረፍት የሚነሣኝ ከአምስቱ ደቂቃ በኋላ ያለው ነው። ደም የተቋረጠበት ጉበትና ኩላሊት በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ሐኪሞች በብሽሽት በኩል ቱቦ አስገብተው የሟቹን ደም ወደ ማሽን ይወስዳሉ፤ ማሽኑ ደሙን አሙቆ፣ ኦክስጅን ጨምሮ ወደ ሆድ ዕቃው ይመልሰዋል። ጉበቱ ቀለሙ ይመለሳል፤ ኩላሊቱ ሽንት ማጣራት ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይደረጋል። ደረት ውስጥ ባለው በትልቁ የደም ሥር፣ በአኦርታ ላይ፣ በፊኛ ወይም በመቆንጠጫ መንገዱ ይዘጋል። ደሙ ከወገብ በላይ አልፎ ወደ ልብና ወደ አንጎል እንዳይወጣ ነው። በዚህ ሥራ ቀዳሚ በሆነችው በስፔን በሟቹ ግራ እጅ የደም ሥር ውስጥ የግፊት መለኪያ ይተዋል፤ እዚያ ግፊት ከታየ መዝጊያው አፈትልኳል ማለት ነው።

ሁለተኛም ዘዴ አለ፤ ደረትንም የሚጨምር። በዚህኛው ልብ ራሱ በሟቹ ደረት ውስጥ እንደገና ይመታል፤ ወደ ራስ የሚሄዱት የደም ሥሮች አስቀድመው ታስረዋል። በእንግሊዝ አገር በፓፕወርዝ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ መንገድ የተገኘ ልብ ለታማሚ ተተከለ። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አሠራሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። የኮሌጁን ጭንቀት በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ሞቷል ያልነው ለምንድን ነው? ደሙ መዞሩን ስላቆመ። ደሙን መልሶ ያዞረው ማነው? እኛ። ታዲያ አንጎሉ ለምን አላገኘም? ስለዘጋንበት።

ከዚህ ጥያቄ በጥድፊያ ማለፍ አይገባም። የሚከራከሩለት ሐኪሞች መልስ አላቸው፤ ከባድ መልስም ነው። ይህ ሰው መተንፈሻው ሳይነቀል በፊትም የማይመለስ ጉዳት ላይ ነበር፤ ልቡ ሲቆም ማንም እንዳያስነሣው ተስማምተናል፤ የአንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት ደም በተቋረጠ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይጠፋል፤ መዝጊያውም የሚገድለው አይደለም፣ ሞቱን ሳይረብሹ መተው ነው ይላሉ። ለሆድ ዕቃው ብቻ ሲሆን ይህን መልስ እቀበላለሁ። ደረቱ ተከፍቶ ልቡ እየመታ ሲሆን ግን እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም መልሱ እውነት የሚሆነው መዝጊያው በእውነት ሲዘጋ ብቻ ነው። የሰው አካል ደግሞ ብዙ ማቋረጫ አለው፤ በጀርባ አጥንት አጠገብ የሚሄዱ ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉ።

አንጎል ሲሞት ምን ይሆናል? የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 መተንፈሻቸው የተነቀለላቸውን የአራት ታማሚዎች የአንጎል የኤሌክትሪክ መስመር አሳትመው ነበር፤ በሁለቱ ላይ ከመሞታቸው በፊት ፈጣን የኤሌክትሪክ ሞገድ ገንፍሎ ታይቷል። ምን እንደተሰማቸው፣ ምንም ተሰምቷቸው እንደሆነ፣ መስመሩ አይናገርም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከታረዱ አራት ሰዓት የሆናቸውን የ32 አሳማዎች አንጎል ከማሽን ጋር አገናኝተው ለስድስት ሰዓት ፈሳሽ አዞሩበት። አንዳንድ ሕዋሳት ሥራቸውን ቀጠሉ። የነቃ አንጎል ምልክት ግን አልታየም፤ ተመራማሪዎቹም እንዳይታይ ጥንቃቄ አድርገው፣ ቢታይ ወዲያው ሊያቆሙት ተዘጋጅተው ነበር።

ከጨንቻ ጥቂት ዝቅ ብሎ ዶርዜ አለ፤ የቀርከሃው ረጅም ቤት ያለበት። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ያጥራል፤ በሰው ትከሻ ተነሥቶም ሌላ ቦታ ይተከላል። ዓመት በዓመት እያጠረ ቤት ሆኖ ይኖራል። ከዚህ በኋላ ቤት አይደለም የሚባልበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን የሚወስነው ግን የሚኖርበት ሰው ነው፤ ቀርከሃው አይናገርም። ሞትም ከአካል አካል እየተራመደ የሚመጣ ከሆነ፣ አምስት ደቂቃው እኛ ያሰመርነው መስመር ነው። ያሰመርነው እኛ በመሆናችን ውሸት አይሆንም። ጠባቂ ግን ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለጨንቻ ምኗ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ በጉም፣ በእንሰትና በአፕል መካከል ያለች ከተማ ናት። ሆስፒታል አላት፤ ወደ ታች 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ አርባ ምንጭ ጄኔራል ሆስፒታል አለ። ኩላሊቱ የከዳው ሰው ግን የሚያልመው አዲስ አበባን ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጥበት፣ የእጥበት ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ፣ አስታማሚ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንዱ ለአንዱ ዓይን ዓይኑን ያያል፤ ማን ይሰጣል?

የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከዚያው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአገራችንን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ትልቅ ቀን ነበር። ኩላሊቱ የመጣው ከሕያው ዘመድ ነው፤ ሥራውም የተመሠረተው በዘመድ ላይ ነው። ስለ ሟች ለጋሽ የሚነሣ ክርክር ሁልጊዜ ስለ ሟቹ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል። ከሟች አልወሰድንም ማለት ከማንም አልወሰድንም ማለት አይደለም። ጤነኛ እኅት ሆዷ ይቀደዳል። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ቀኑን ሙሉ መርገጫ የሚረግጥ የዶርዜ ሸማኔ ለወንድሙ ሲል ለሳምንታት ከሥራው ይርቃል። ይህን በፍቅር ያደርጉታል፤ ፍቅር ስላለ ግን ሸክሙ አይቀልም። ዘመዱ የማይመጥነው፣ ወይም ዘመድ የሌለው፣ ወረፋ እንኳ የለውም።

ከሟች የምንቀበለው አንድ ስጦታ አለን። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቃል ከገቡ ሰዎች የዓይን ብሌን እየሰበሰበ ለሌሎች ብርሃን ሰጥቷል። የሚተከለው የዓይን የፊተኛው ስስ ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ልብ ከቆመ ከሰዓታት በኋላ ሊወሰድ ይችላል፤ ደም መመለስም፣ መዝጋትም አያስፈልግም። ሙሉ ሰላም ያለበት ስጦታ ነው። ኩላሊት ግን ደም የሚጠጣ አካል ነው፤ ከኮርኒያ ወደ ኩላሊት የሚወስደው መንገድ በዚያ በደረት ውስጥ ባለው ፊኛ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ይህ አሠራር አንድ ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ እንዲደርስም እፈልጋለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከሞተ በኋላ አካሉን ለመስጠት የገባውን ቃል በፈለገ ጊዜ እንዲሽር በ19ኛው አንቀጽ ፈቅዶለታል። መልካም ነው። ግን ሰው ቃሉን የሚሽረውም የሚያጸናውም ምን እንደሚደረግበት ሲያውቅ ነው፤ ይህን የሚነግር ሸንጎ ከሕጉ በፊት ያስፈልጋል። ጋሞ ዱቡሻ የሚባል ሸንጎ አለው። በዱቡሻ ነገር የሚያልቀው ሰው ሁሉ ተናግሮ፣ ሲስማማ ነው። የጋሞ አባቶች ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ አገር ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው፤ በቡራዩ የወገኖቻቸው ደም ሲፈስ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ጎሜን የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ያልተገባ ሥራ በሠሪው ብቻ ሳይሆን በቤቱና በምድሩ ላይ እንደሚመጣ የሚያምን። ከሟች ኩላሊት መውሰድ ጎሜ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እኔ አልመልስም፤ የእነሱ ነው። ሐኪሞቹ እዚያ መጥተው እንዲጠየቁ ግን እፈልጋለሁ፤ ፊኛውን ሳይደብቁ።

ምክንያቱም ከእናቶች አንዷ መጠየቋ አይቀርም፦ ልጄ ሞቷል ካላችሁኝ፣ ደሙ ወደ ራሱ እንዳይሄድ የከለከላችሁት ምን ፈርታችሁ ነው? ይህ ጥያቄ የድንቁርና አይደለም፤ የአሜሪካ ኮሌጅ የጠየቀው ይኸንኑ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሐኪሞች በጥቂት ለጋሾች ላይ ይህንኑ ለማወቅ በራስ ቅሉ ላይ ዶፕለር የተባለውን የደም ፍሰት መለኪያ አድርገው ለኩ፤ ደሙ ወደ አንጎል እንዳልተመለሰ እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተሙ። ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ግን በጥቂቶች ላይ መለካቱ አይበቃኝም፤ በእያንዳንዱ ሟች ላይ ይለካ። የእጁን ግፊትና የአንጎሉን መስመር አውጥቶ ለዚያች እናት በጋሞኛ ማስረዳት የማይችል ሆስፒታል፣ ኩላሊቱ ከነባለቤቱ ቢቀበር ይሻለዋል።