ተቀባይ ያለው ዘፈን

ልጄ፣ «ጋሼ፣ የእኛ ዘመን ዘፈን የሚቆይ ይመስልዎታል?» ያልኸኝን ነገር ሳሰላስለው ሰነበትሁ። እኩዮቼን ብትጠይቃቸው መልሱን ፈጥነው ይሰጡሃል፤ «የዱሮው ነበር ዘፈን፣ የዛሬውማ ጩኸት ነው» ብለው ይገላግሉሃል። ከእኔ አፍ ይህን አትሰማም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የትኛው ዘፈን ሃምሳ ዓመት እንደሚሻገር ዛሬ ላይ ቆሞ በስም ጠርቶ መፍረድ የማንም አቅም አይደለም። እስከ ዛሬ የቆየው ለምን እንደቆየ ግን ይታያል። እኔም የማውቀው እሱን ነውና እሱኑ ልንገርህ።

አስቀድሜ ከሽማግሌ ፍርድ ነፃ ላውጣህ። አለማየሁ እሸቴ ፀጉሩን እንደ አሜሪካው ኤልቪስ ፕሪስሊ አበጥሮ መድረክ ላይ ሲወጣ ስንቱ አባት «ይሄ ደግሞ ከየት አገር የመጣ ጉድ ነው?» ብሏል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነው የሚል ድንጋጌ ነበረ። ሰውየው ግን ደፈረ። እስከ 1967 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ያ የከተማ ጎረምሳ ጩኸት ተብሎ የተናቀው ሥራ ዛሬ የ«ወርቃማው ዘመን» ሥራ ተብሎ ይጠራል፤ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በቅጽ በቅጽ እያደረገ ማውጣት ሲጀምርማ ዓለም ሁሉ ተደመመበት። ቀድሞ ከመጣ ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ «ዘመን አመጣሽ ነው» የሚል ነቀፋ ብቻ ሰምተህ አንገትህን እንዳትደፋ።

ነገር ግን ከእነዚያ ከ100 በላይ ሸክላዎች ዛሬ በሰው አፍ ያሉት ስንት ናቸው? ቁጠራቸው፤ ብዙ አታገኝም። የዱሮውም ዘመን መናኛ ዘፈን ሞልቶት ነበር፤ ማንም ስላላዜመው ተረሳ እንጂ። እኩዮቼ የዱሮውን ምርጥ አንሥተው ከዛሬው ተራ ጋር ሲያመዛዝኑ ፍርዳቸው የሚዛባው ለዚህ ነው። ጥላሁን ገሠሠን አንሥተህ ቲክቶክ ላይ ትናንት ከወጣ ዘፈን ጋር ማወዳደር ለሁለቱም ፍትሕ አይሆንም።

«አሁንማ ሁሉ ነገር ይቀዳል፤ ከእንግዲህ ዘፈን የሚጠፋበት ምክንያት የለም» ትለኝ ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው አበው ስለተናገሩ ነገሩን አላጣጥለውም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ዳግማዊ ምኒልክ የመኪና ነገር እንዲማሩ ጀርመን ልከዋቸው፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀዱ። ያ ድምፅ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይሰማል። ትልቅ በረከት ነው። ይሁን እንጂ በማኅደር መቀመጥና በሰው አፍ መኖር ለየቅል ናቸው፤ አንተ የምትመኘው ሁለተኛውን መሆኑን ከዓይንህ አይቻለሁ።

ይህን ለማየት ሩቅ አትሂድ፣ ቀና ብለህ ተራራችንን እይ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ተወልዶ፣ የሕይወቱን ፍጻሜ በእኛ በሰሜን ተራሮች እንዳደረገ አበው ያስተምራሉ። ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጫፍም አባ ያሬድ ይባላል። የያሬድ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙ፣ ዕዝሉ፣ አራራዩ፣ በየደብሩ ዛሬም ይዜማሉ። የዜማው ምልክት ግን የተበጀው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ነው የሚነገረው። አስተውል፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ዜማውን ተሸክሞ ያሻገረው የመምህርና የደቀ መዝሙር አፍ ነው። ምልክቱ ከተጻፈም በኋላ ድጓውን ገልጦ ብቻውን ሊያዜም የቻለ ተማሪ አላየሁም። እኔ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስማር፣ የኔታ አንዷን ሐረግ ያዜማሉ፣ እኛ እንቀበላለን፤ ስንሳሳት ይመልሱናል፤ ደግመን እንቀበላለን። የዜማው ዕድሜ ያለው እዚያ መቀበል ላይ ነው።

ዓለማዊውም ዘፈን ከዚህ አይወጣም። የሰርጋችንን ነገር ታውቀዋለህ፤ አንዲት አውጪ ከበሮዋን አንጠልጥላ ትነሣለች፣ ዳሱ ሙሉ ሰው ይቀበላታል። እሷም የሙሽራውን አባት ስም ታስገባለች፣ የአማቱን ቸርነት ታነሣለች፣ ጎረቤት ያደረገውን ውለታ ሳይቀር ታወጣለች። ዜማው የቆየ ነው፣ ግጥሙ በየሰርጉ ይታደሳል። አሁን ግን ከከተማ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ተከራይቶ ይመጣል። ዘፈኑ ሳያልቅ ሌላው ይተካል፣ ወጣቱ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ይቀርጻል፣ አውጪዋ አክስትህ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እኛም አዲስ ጩኸት አገኘን ብለን ስንደሰት ተቀባዩን ሕዝብ ተመልካች እያደረግነው ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በጥር፣ ከዳባት ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ከምሽቱ ገና ሞቅ እንዳለ የጄኔሬተሩ ናፍጣ አለቀ። ድቅድቅ ጨለማና ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዲት ባልቴት ከበሮ አንሥታ ጀመረች፤ ሴቱ ተቀበላት፣ ወንዱ ተቀበላት፣ ዳሱ እንደገና ሞላ። እኔን የገረመኝ የባልቴቷ አይደለም፤ የእሷን አውቀዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ልጃገረዶቹ ቀደም ሲል ሞንታርቦው ካጫወታቸው ዘፈኖች አንዱን በከበሮ አነሡት። አዲስ ዘፈን ነው፣ የዚያው ዓመት። አዝማቹ አጭርና ቀና ስለነበረ ለመቀበል አላስቸገረም፤ ባልቴቷም እንኳ በሁለተኛው ዙር ተቀበለች። የቀሩት የምሽቱ ዘፈኖች ከናፍጣው ጋር አብረው ቀሩ። እነዚያን ሊያነሣ የሞከረ ጎረምሳ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ማሽኑ ድጋፍ የሚያዝ ዜማ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ልጄ፣ ዩቲዩብ ላይ ስንት ሺህ ሰው አየው ብለህ ከመቁጠርህ በፊት መብራት በጠፋበት ማታ ስንት ሰው ይቀበለዋል ብለህ ጠይቅ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ሳንቃበር ላይ ቱሪስት ይዘው የሚያድሩት ባለበቅሎዎችና ምግብ አብሳዮች በዚያ ብርድ እሳት ከበው የሚጫወቱትን ሄደህ ስማ፤ ከዚያ ያለ መብራት የሚዘፈን የአዲስ ዘፋኝ ሥራ ብታገኝ እሱን የሚሻገር ነው ብለህ ብትገምት አትሳሳትም።

ዘፈን እንዲቆይ ከተቀባይ ሌላ ሁለተኛው ነገር ዕለት ነው። ዘፈን የሚጠራው ቀን ካለው በየዓመቱ ይመለሳል። ሆያ ሆዬን ማን እንደደረሰው የሚያውቅ የለም፤ ቡሄ በመጣ ቁጥር ግን የደባርቅ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። የእጅጋየሁ ሽባባው «አድዋ» በየዓመቱ የካቲት 23 ይሰማል፤ የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ይዘፍኑታል። ፍርድ መስጠቴ ባይሆንም እነዚህ ሁለቱ ይቆያሉ ብዬ እገምታለሁ። ዘፈን ሲቆይ ግን ሁልጊዜ ከነደራሲው አይደለም። በየካቲት 1847 ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት ደረስጌ ማርያም፣ ካሳ ውቤን ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ስንት አዝማሪ ማሲንቆውን አነሣ! ስለ ቴዎድሮስ የተገጠመው ግጥም ዛሬም ጠላ ቤት ይነሣል፤ ገጣሚው ግን ተረስቷል። ስምህ ጠፍቶ ግጥምህ ቢቀር ደስ ይልህ እንደሆነ ራስህን መርምር፤ የሚቆይ ሥራ ይህንንም ሊያስከፍል ይችላል።

የቅርቡን ደግሞ አንተም ታስታውሳለህ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ዘልቆ ያ ሁሉ ቤት ልቅሶ በተቀመጠ ጊዜ፣ ስለ ጦርነቱ በየስቱዲዮው የተሠራው ዘፈን ብዙ ነበር። ከዚያ ውስጥ ዛሬ በአፌ የቀረ የለም። በልቅሶው ላይ አልቃሽ ያወረደችው ሙሾ ግን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አለ። የሟቹን ስም ትጠራለች፣ በሬዎቹን በየመልካቸው ታነሣለች፣ ሳይታጨድ የቀረውን ገብስ ትናገራለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እሷ እንዲቆይላት አስባ አላወረደችውም፤ ያንን ሰው ለይታ ስለምታውቀው ነው።

አሁን ወደ አንተ ዘፈን ልምጣ፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና። ዜማው በባቲ ቅኝት ነው፣ ያምራል፣ አዝማቹም ይያዛል። ግጥሙ ግን ያሳዝነኛል። ፍቅሬ የምትላት ልጅ የየት አገር ልጅ ናት? አሸዋና የባሕር ዳርቻ አስገብተሃል፤ አንተ የደባርቅ ልጅ ነህ፣ ያደግኸው ጭጋግ ሲወጣና ሲወርድ እያየህ ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ ቆሞ ወደ ዛሪማ ቆላ የሄደ ሰው የናፈቀ እንዴት እንደሚያይ ታውቃለህ፤ ጧት ውርጭ ላይ ውኃ የምትቀዳ ልጅ እጇ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ይህን ሁሉ ትተህ ከሌላው ክሊፕ የተዋስኸውን ዘፈንህ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። የአዲስ አበባው፣ የአሜሪካውም ሰው ቢሆን ከአንተ የሚፈልገው እሱ የሌለውን ነው። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ፣ አሜሪካ ሆና ስትዘፍን የፈረንጅ ባንድ አጅቧታል፤ አማርኛዋንና ለዛዋን ግን ለማንም አልለወጠችም። ሮፍናንም በ2010 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ መሣሪያው ኮምፒውተር ነው፣ ምቱ ውስጥ ግን አገር ቤት አለበት። ስለዚህ ኪቦርዱን ጣለው አላልሁህም። መሣሪያ መሣሪያ ነው፤ ሸክላም ካሴትም በጊዜያቸው አዲስ ነበሩ።

አቀናባሪው ድምፅህን በማሽን ማቃናቱን ግን አልወደድሁትም። በጥምቀት ታቦት ስታጅብ የሰማሁትን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከፍ ስትል በስተመጨረሻው ትንሽ ይሰነጠቃል። ያቺ ስንጥቅ ያንተ ናት፤ በሌላ ሰው ጉሮሮ የለችም። አቀናባሪው አጥፍቷት የሁሉንም ዘፋኝ ድምፅ የመሰለ ድምፅ ሰጠህ። መልሰህ ጠይቀው። ገንዘቡን የከፈልኸው አንተ ነህና የመጠየቅ መብት አለህ።

«ቶሎ ቶሎ ካላወጣሁ እረሳለሁ» እንደምትልም ሰምቻለሁ። በየወሩ ነጠላ ዜማ ለማውጣት የሚጣደፍ ሰው ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆንበታል፤ ግጥሙን የሚጽፈው ስቱዲዮ በር ላይ ነው። ለብር ብቻ የሚሠራውንም እወቀው፤ በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላ እንብላ ነው ብለዋል። በዘፈንህ እንጀራ መብላትህን አልነቅፍም፤ አዝማሪም ተሸልሞ ነው የኖረው። ግን አዝማሪ ሽልማቱን የሚያገኘው የተቀመጠውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ነበር፤ ግጥሙ ካልያዘ እዚያው ያውቀዋል፣ እዚያው ያርመዋል። አንተ አድማጭህን ስለማታየው ማን ያርምህ?

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የሰርጉ ወር ጥር እስኪገባ ጊዜ አለህ። መጀመሪያ አክስትህ ዘንድ ሂድ፤ የምታወጣቸውን የሰርግ ዘፈኖች ሁሉ ስልክህ ላይ ቅዳ፣ ግጥሙን በደብተር ጻፍ፣ ከማን እንደተማረችው ጠይቅና ስሙን አብረህ መዝግብ። ሙሾ ከሆነ ግን ሳታስፈቅድ አትቅዳ፤ ፈቅዳልህም ቢሆን ቲክቶክ ላይ አታውጣው፣ የሟች ቤተሰብ አለበት። እረኞቹ የሚነፉትን የዋሽንት ዜማም አትለፍ፤ የደጋውና የቆላው ይለያያል። ከዚህ በኋላ የራስህን ግጥም እንደገና ጻፈው፤ ልጅቷን አገሯን ስጣት። ያስተካከልኸውን መጀመሪያ የምታሰማው ለስቱዲዮው ባለቤት አይሁን፤ ወደ አክስትህ ግቢ ይዘኸው ሂድና ኪቦርድም ስልክም ሳታስነሣ በከበሮ ብቻ አውጣላቸው። ተቀብለውህ ከሄዱ ጎንደር ውረድና አስቀዳው፤ አዝማቹ ላይ ከተደናቀፉ ደግሞ እነሱው ናቸው የት ላይ እንደጠበበ የሚነግሩህ።